ጤናማ የባሌት ጫማ ለመንደፍ፦ ከዳንሰኛዋ መቁረጫ ጀምሩ

ባለሙያ ባለሪና አዲስ የፖይንት ጫማ (በጣት ጫፍ የሚደነስበትን የባሌት ጫማ) ከካርቶኑ ስታወጣ መጀመሪያ እግሯን አትከትም። መቁረጫ ታነሳለች። የውስጥ ሶሉን ገልጣ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ድጋፍ ከተረከዙ በኩል ትቆርጠዋለች። ሚስማር ካለው በፒንሳ ትነቅላለች። እንዳያንሸራትታት አፍንጫው ላይ ያለውን ሳቲን ትልጣለች። የታች ሶሉን በስለት ትጭረዋለች። ከዚያ ከወለል ወይም ከግድግዳ ጋር ታጋጨዋለች፤ መድረክ ላይ እንዳይንኳኳና ትንሽ እንዲለሰልስ። በእጇ ታጥፈዋለች። ሪባኑንና ላስቲኩን ቁጭ ብላ ራሷ ትሰፋለች። ይህ ሁሉ የሚደረገው ገና ባልተለበሰ፣ ዋጋውም ቀላል ባልሆነ ጫማ ላይ ነው።

የጫማ ዲዛይን ለሚማር ወይም በሥራው ላይ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። እያንዳንዱ ቆረጣ ጫማው የት ጋ እግሩን እንዳልተረዳ ያሳያል። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት አንዲት ዳንሰኛ አዲስ ጫማዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀመጡ። ምን ቆረጠች? ከየት? ስንት ሳንቲሜትር? ለምን? ሁሉንም ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ከተቻለ ሦስት አራት የተለያዩ ዳንሰኞችን ተመልከቱ። ሁሉም የሚቆርጡት ቦታ ካለ ችግሩ የዲዛይኑ ነው። አንዷ ብቻ የምትቆርጠው ከሆነ የልክ ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው መያዝ በኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የእኔን አቋም ከአሁኑ ልንገራችሁ። አዲስ ማቴሪያል ከመፈለጋችሁ በፊት ልኩን አስተካክሉ። አሪፍ ፕላስቲክ፣ አሪፍ ጄል፣ አሪፍ ስፖንጅ ልክ ባልሆነ ጫማ ውስጥ ቢገባ ዳንሰኛዋን አያድናትም።

ጫማው እንዴት እዚህ ደረሰ?

በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1832 ማሪ ታግሊዮኒ በፓሪስ ኦፔራ በጣቶቿ ጫፍ ስትደንስ እግሯ ላይ የነበረው ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነው። ጫፉና ጎኑ በክር ተጠናክሯል እንጂ ጠንካራ አፍንጫ አልነበረውም። ክብደቷን የሚሸከመው የራሷ ጡንቻ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የጣሊያን ጫማ ሠሪዎች አፍንጫውን አጠነከሩት። ጣሊያናዊቷ ፒየሪና ሌኛኒ በ1890ዎቹ በሴንት ፒተርስበርግ መድረክ በአንድ እግሯ 32 ጊዜ በተከታታይ ስትሽከረከር ተመልካቹ ጉድ ያለው በዚህ ዘመን ነው።

ከዚያ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ሙጫ፣ ካርቶን፣ ቆዳ። በ1929 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ፍሪድ የተባለ ጫማ ሠሪ ድርጅት እስከ ዛሬ በእጅ ይሠራል። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ ምልክት አለው፤ ደወል፣ ዘውድ፣ ዓሣ፣ መልሕቅ፤ ሶሉ ላይ ይታተማል። ዳንሰኛዋ ከአንድ ሠሪ እጅ ጋር ትላመዳለች። ሠሪው ጡረታ ሲወጣ እግሯን የሚያውቅላት ሰው አጣች ማለት ነው። በ1993 ኒው ዮርክ ላይ የተነሳው ጌይኖር ሚንደን የተባለ ድርጅት ደግሞ ካርቶኑንና ሙጫውን በፖሊመር (በፕላስቲክ ዓይነት) ተክቶ፣ ድንጋጤ የሚቀንስ ስፖንጅ ጨምሮ ሌላ መንገድ ከፈተ። ሁለቱንም መንገዶች እወቁ። ሁለቱም የሚያስተምሩት አላቸው።

ደረጃ 1፦ ጭነቱን በቁጥር እዩት

የሰው እግር 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች አሉት። የተሠራው በውስጥ እግር ሊቆም እንጂ በጣት ጫፍ ሊቆም አይደለም።

ሒሳቧን እንሥራት። 50 ኪሎ የምትመዝን ዳንሰኛ በባዶ እግሯ፣ በአንድ እግር ትቁም። መሬት የሚነካው የእግሯ ስፋት መቶ ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው ብንል፣ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር የሚያርፈው ግማሽ ኪሎ ነው። አሁን በፖይንት ጫማ አፍንጫ ላይ ትቁም። መሬት የሚነካው ክፍል 3 በ2.5 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 7.5 ካሬ ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ከ6 ኪሎ ተኩል በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ ዝም ብላ ስትቆም ነው። ስትዘልና ስታርፍ ይጨምራል።

እንግዲህ የዲዛይኑ ጥያቄ ይህን ጭነት የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ጣቶቹ ወደ አፍንጫው ሰምጠው ብቻቸውን ከተሸከሙት ጥፍር ይጠቁራል፣ ቆዳ ይላጣል፣ መገጣጠሚያ ይታመማል። ጫማው ግን እግሩን ከጎንና ከጎን፣ ከላይና ከታች ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ክብደቱ ከጣቶቹ በላይ ባለው የእግር ክፍል ላይም ይከፋፈላል። ጥሩ የፖይንት ጫማ እግርን ያንጠለጥላል። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ቀሪው ሥራ ዝርዝር ነው።

ጉዳቶቹንም ለሁለት ክፈሏቸው። የመጀመሪያው ወገን በቀጥታ ከጫማ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ የቋጠረ ቁስል፣ መጅ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ ኮርን (የወፈረ ቆዳ)፣ የጠቆረ ጥፍር፣ ወደ ሥጋ የሚያድግ ጥፍር፣ በጠባብ ጫማ የሚመጣ መደንዘዝ። በአውራ ጣት ሥር የሚወጣው የአጥንት እብጠት በዘርም ይመጣል፤ ጠባብ አፍንጫ ግን ያባብሰዋል። ሁለተኛው ወገን የሥልጠና ጫና፣ የአቋቋም ስህተት፣ የዕረፍትና የምግብ እጥረት፣ የጠንካራ ወለል ውጤት ነው። የሁለተኛው የእግር መዳፍ አጥንት መሰንጠቅ፣ ከቁርጭምጭሚት ኋላ የሚያልፈው የአውራ ጣት ጅማት መቆጣት፣ ወለምታ። በዚህኛው ወገን ጫማ ሊያግዝ ወይም ሊያባብስ ይችላል እንጂ መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ "ጫማችን ስብራት ይከላከላል" ብላችሁ አትጻፉ። ገዢዋ አምናችሁ ሕመሟን ችላ ብትል ጉዳቱ የእናንተም ነው።

ደረጃ 2፦ ያለቀለት ጫማ ቅደዱ

የባሌት ትምህርት ቤት ወይም የዳንስ ቡድን ጠይቁ። ያለቀለት ጫማ በየጥጉ አለ። ባለሙያ ከባድ ትርኢት በሚኖርበት ምሽት አንድ ጥንድ ልትጨርስ ትችላለች። አምስት ስድስት ጥንድ፣ ከተለያዩ ዳንሰኞች ውሰዱ። እያንዳንዱ ላይ ማን እንደለበሰችው፣ ለስንት ሰዓት፣ የት የት እንዳመማት ጻፉ።

አሁን አንዱን ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ ለሁለት ሰንጥቁት። ስለታም መጋዝ ያስፈልጋል፤ መቁረጫ ብቻውን አፍንጫውን አይበሳውም። ውጭ ሳቲን ነው። ውስጥ የጥጥ ገበር ነው። በሁለቱ መካከል ጆንያ መሰል ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ ደርቋል። ይህ ነው ቦክስ የሚባለው። ከቦክሱ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ የሚዘረጉት ሁለት ክንፎች ናቸው። ከሥር ሳቲኑ እንደ ማራገቢያ ተሸብሽቦ ሶሉ ውስጥ ገብቷል። ሶሉ ከእግሩ በጣም የጠበበ ቀጭን ቆዳ ነው። በሶሉና በእግሩ መካከል ያለው ጠንካራ ዘንግ ሻንክ ይባላል፤ ካርቶን፣ ቆዳ ወይም ሁለቱም ተጣብቀው።

አራት ነገር ፈልጉ። ሻንኩ የት ጋ ተሰበረ? ከእግሯ ቅስት ጋር የሚገጥም ቦታ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ ፊት ቀርቦ ከሆነ ዳንሰኛዋ በትክክል አልተደገፈችም። ቦክሱ መጀመሪያ የለሰለሰው የት ነው? ብዙ ጊዜ በአውራ ጣት መገጣጠሚያ በኩል ያለው ክንፍ ቀድሞ ይሸነፋል። ገበሩ ላይ የጠቆረ ወይም የደም ምልክት የት አለ? አፍንጫው እኩል ተበልቷል ወይስ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል? ስድስቱን ጫማ ጎን ለጎን ስትደረድሯቸው ዲዛይኑ የት የት እንደሚከዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በነገራችን ላይ፣ በብዙዎቹ የተለመዱ የፖይንት ጫማዎች ቀኝና ግራ የለም። ሁለቱም ቀጥ ባለ አንድ ፎርማ (የጫማ ቅርጽ ማውጫ) ላይ ይሠራሉ። ሰው ደግሞ ሁለት የተለያዩ እግሮች አሉት። ለአዲስ ዲዛይን ሰፊ በር የተከፈተው እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 3፦ እግሩን በሦስት አቋም ለኩ

የመንገድ ጫማ ቁጥር እዚህ አይሠራም። እርሱት። ሜትር፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ነጭ ወረቀት ይበቃል። በስልክ ሦስት አቅጣጫ ያለው ቅኝት ማድረግ ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው፤ የእጅ ልኬቱን ግን አይተካም። ሁለቱንም እግር ለየብቻ ለኩ። ከልምምድ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ እግር ሲሠራ ይሰፋል።

መጀመሪያ ተቀምጣ፣ ክብደት ሳይጫንበት። ቀጥሎ ቆማ፣ ጉልበቷን በትንሹ አጥፋ። እግር በጣም የሚረዝመው በዚህኛው አቋም ነው። በመጨረሻ እግሯን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ቀጥ አድርጋ ዘርግታ። ያኔ እግሩ ያጥራል። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉት፤ ተረከዝ ላይ የሚተርፈው ጨርቅ ከዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ ስፋት። ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሰፊውን የእግር ክፍል በነጻው ለኩ። ከዚያ ከግራና ቀኝ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡትና ድገሙ። አንዳንዱ እግር ጭብጥ ሲደረግ ብዙ ይጠባል፤ አንዳንዱ ፍንክች አይልም። የሚጠባ እግር ሰፊ ቦክስ ውስጥ ከገባ ይሰምጣል። የማይጠባው ጠባብ ቦክስ ውስጥ ከገባ ይሰቃያል። ሁለት ዳንሰኞች በሜትር አንድ ዓይነት ስፋት ኖሯቸው ፍጹም የተለያየ ጫማ የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የጣቶቹን ቅርጽ ወረቀት ላይ አስምሩ። ጣቶቿ እኩል ከሆኑ ጭነቱ ይከፋፈላል፤ አፍንጫው ሰፋና አራት ማዕዘን ቢሆን ይመቻታል። ከአውራ ጣት ጀምሮ እየቀነሱ የሚሄዱ ከሆነ ሾጠጥ ያለ ቦክስ ይስማማል። ሁለተኛዋ ጣት ከአውራ ጣት ከረዘመች ግን ያቺ ቀጭን ጣት ብቻዋን የሰውነት ክብደት ትሸከማለች። መፍትሔው ከአጭሩ አውራ ጣት ፊት ያለውን ክፍተት በስስ ሙሌት መሙላት ነው፤ ያኔ ሁለቱ ጣቶች እኩል ያርፋሉ። ይህን ሙሌት ዳንሰኛዋ በጥጥና በቴፕ እየጠቀለለች ትሠራዋለች። ለምን በዲዛይኑ ውስጥ አይገባም?

በመጨረሻ የእግሩን ከፍታ ለኩ፤ ከወለል እስከ ጣቶቹ ሥር ያለው መገጣጠሚያ አናት ድረስ። ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቦክሱ ከእግሩ በላይ ባዶ ቦታ ካለው እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ስፋቱና ርዝመቱ ልክ ቢሆንም እንኳ።

ደረጃ 4፦ ቦክሱንና ክንፉን ንደፉ

እዚህ ደረጃ ላይ ረጅም ጊዜ አጥፉ። ጤናው ያለው እዚህ ነው።

ክንፉ የአውራ ጣትን ትልቁን መገጣጠሚያ መሸፈን አለበት። ካጠረ መገጣጠሚያው ከክንፉ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ይፈገፈጋል። ከረዘመ ዳንሰኛዋ በግማሽ ጣት (ተረከዟን ብቻ አንስታ) ስትነሳ አያሳልፋትም። የላይኛው ቶማያ (ጣቶቹን ከላይ የሚሸፍነው ክፍል) ደግሞ ጣቶቹ የሚታጠፉበትን መስመር በትንሹ ማለፍ አለበት። ረጃጅም ጣትና ከፍ ያለ ቅስት ያላት ዳንሰኛ ረዘም ያለ ትፈልጋለች፤ አለዚያ እግሯ ከጫማው ሊወጣ ይፈልጋል።

ጥንካሬው በሁሉም ቦታ እኩል አይሁን። አፍንጫው ጠንካራ፣ ክንፉ ጠንካራ ሆኖ በመጠኑ የሚለጠጥ፣ የላይኛው ቶማያ ለስለስ ያለ። የተለመደው ጫማ በሙጫ ብዛት ይህን ያደርጋል። እናንተ በጨርቅ ንብርብር ብዛት ወይም በፖሊመር ውፍረት ማድረግ ትችላላችሁ።

አሁን አንድ ቀላል ፈተና። የልጆች መጫወቻ ጭቃ በስሱ ዳምጣችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦክሱ ውስጥ ጫፉ ላይ አስቀምጡ። ዳንሰኛዋ ጫማውን ታድርግ። ሁለት እጇን ባሩ (የልምምድ መደገፊያው ዘንግ) ላይ አድርጋ በሁለት እግር ቀስ ብላ ትውጣ፣ ጥቂት ሰከንድ ትቁምና ትውረድ። ጭቃውን አውጡና እዩት። በአንድ ጣት ሥር ብቻ እስኪበሳ ከሳሳ ጭነቱ እዚያ ላይ ብቻ ነው ያረፈው። በሁሉም ጣቶች ሥር በመጠኑ ከተጫነ ጥሩ ነው። ጠቅላላው ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ እግሩ ሰምጧል፤ ክንፎቹ ሥራቸውን አልሠሩም። ወደ ክንፉ ተመለሱ፣ ትንሽ አጥብቡ፣ ድገሙ። በየጊዜው የወጣውን ጭቃ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡት። ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ያሳያችኋል።

ልኩን በዓይንም አረጋግጡ። በሙሉ እግር ስትቆም ጣቶቿ ቀጥ ብለው ጫፉን ይነኩ እንጂ አይታጠፉ። ጉልበቷን ስታጥፍ ጫፉ በደንብ ይሰማት። በጣቷ ጫፍ ስትወጣ ተረከዟ ላይ ያለው ጨርቅ በሁለት ጣት የሚቆነጠጥ ያህል ይትረፍ፣ እስከ አንድ ሳንቲሜትር። ምንም የማይቆነጠጥ ከሆነ አጥሯል። እፍኝ ከሞላ ረዝሟል። በክንፉና በእግሩ መካከል ጣታችሁ እንደልቡ ከገባ ሰፍቷል።

ጄል ወይም የበግ ፀጉር መደላደል ትጠቀማለች? እንግዲያው ከመጀመሪያው ልኬት ጀምሮ እሱን አድርጋ ትለካ። በኋላ ሲጨመር ልኩ ሁሉ ይበላሻል። መደላደሉ በበዛ ቁጥር ደግሞ ወለሉ አይሰማትም፤ ወለሉ የማይሰማት ዳንሰኛ ሚዛኗን ለመጠበቅ ጣቶቿን ትጨብጣለች። እኔ ቀጭን መደላደልና ትክክለኛ ክንፍ የሚለውን እመርጣለሁ።

ደረጃ 5፦ ሻንኩን በሦስት ክፍል አስቡት

ዳንሰኛዋ ሻንኩን ከተረከዙ በኩል የምትቆርጠው ቅስቷ የሚጎብጠው ከዚያ በፊት ስለሆነ ነው። ሻንኩ እስከ ተረከዝ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ከእግሯ ይላቀቃል፣ ይጣመማል፣ ወደ ኋላም ይገፋታል። ስለዚህ እንዲህ ንደፉት። ከፊት ያለው ክፍል በግማሽ ጣት ስትነሳ እንዲያሳልፋት ይተጣጠፍ። መካከለኛው ከቅስቷ ሥር ይደግፍ። የኋለኛው ለስላሳ ይሁን ወይም ጭራሽ አይኑር።

ጥንካሬው የሚወሰነው በእግሯ ጉልበት ነው። በጣም ጠንካራ ሻንክ አፍንጫው ላይ ሙሉ በሙሉ እንዳትወጣ ይይዛታል። በጣም ለስላሳው ደግሞ አሳልፎ ወደ ፊት ይጥላታል፤ ቁርጭምጭሚቷም ጣቶቿም ያኔ ይጎዳሉ።

ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሻንኩን የተረከዝ ጫፍ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በማሰሪያ ጥብቅ አድርጉ። ከጠርዙ 10 ሳንቲሜትር ላይ 2 ኪሎ አንጠልጥሉ። ስንት ሚሊሜትር ወረደ? ጻፉ። ከዚያ በእጅ 500 ጊዜ አጥፋችሁ ድገሙ። ከዚያ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፣ አድርቁትና እንደገና ለኩ። ጨው ውሃው የላብ ምትክ ነው። ካርቶኑ በዚህ ፈተና ብዙ ይወርዳል። ፖሊመሩ ብዙም አይለወጥም።

እዚህ ላይ የቆየ ክርክር አለ። አንዳንድ አስተማሪዎች ፖሊመር የእግሩን ሥራ ስለሚሠራ እግር ያሰንፋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱን አከብረዋለሁ፤ ገና ለሚጀምር ልጅ ጉልበት ከጫማ ይቅደም የሚለው ትክክል ነው። ለባለሙያ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላ ያደላል። ሰኞ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ዓርብ የሚልፈሰፈስ ጫማ እግሯን በየሳምንቱ አዲስ ሒሳብ ያስጀምራታል። ሳይለወጥ የሚቆይ ጫማ ራሱ ጤና ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፖሊመር ተቀጥቅጦ እግር አይመስልም። ልኩ ከመጀመሪያው ካልገጠመ በመለበስ አይስተካከልም። ስለዚህ ደረጃ 3 ላይ የሰነፈ ሰው እዚህ ዋጋውን ያገኛል።

ሌላም ሐሳብ ልጨምር። ሻንኩ የሚወጣና የሚቀየር ይሁን። ብዙ ዳንሰኞች፣ በተለይ ተማሪዎች፣ ያለቀለት ጫማ የሚለብሱት አዲስ መግዛት ስለሚከብዳቸው ነው። ያለቀ ጫማ ደግሞ ለጉዳት ያጋልጣል። ሻንኩን ብቻ በትንሽ ዋጋ መቀየር ከቻለች ጫማው ረጅም ጊዜ በደህና ያገለግላታል። ዋጋ የጤና ጉዳይ ነው። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ፣ ቲፒዩ በሚባለው ተጣጣፊ ፕላስቲክ፣ ሻንኩን እንደየእግሩ ማተም ለሙከራ ርካሽ መንገድ ነው።

ደረጃ 6፦ ሙጫ፣ ላብና ቆዳ

ይህኛው አጭር ነው። ከቆዳ ጋር በሚነካካ ቦታ ማስቲሽ አትጠቀሙ፤ በውሃ የሚሠራ ሙጫ ይሻላል፤ ለሠሪውም ሳንባ ጭምር። ገበሩ ላብ የሚመጥ ጥጥ ይሁን፤ ስፌቱ ከጣቶቹ አናት ላይ አይለፍ። አፍንጫው ላይ ሳቲን አታድርጉ፤ ለማንኛውም ይላጣልና ገጹ ሸካራ የሆነ ስስ ቆዳ (ስዌድ) ከመጀመሪያው ይለጠፍ።

የልምምድ ለስላሳ ጫማ ለመሥራት ላሰባችሁ ደግሞ አገር ቤት ጥሩ ነገር አለ። የደጋ በግ ቆዳችን ቀጭንም ጠንካራም ስለሆነ በዓለም ገበያ ለጓንት ይፈለጋል። እግር ላይ ተጣብቆ አብሮ ለሚተጣጠፍ የባሌት ጫማም ይኸው ጠባይ ነው የሚፈለገው። መርካቶ ፎርማና ቶማያ የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ ሞልቷል። ጫማው ተገልብጦ ተሰፍቶ የሚገለበጥበትን አሠራር ለማሳየት አንድ ናሙና ይበቃዋል። ለጀማሪ ልጆች ሶሉ ሙሉ ይሁን፣ እግራቸው የሚገፋው ነገር ያግኝ። ለሁለት የተከፈለው ሶል ለጠነከሩት ነው። ወንዶች ዳንሰኞችንም አትርሱ። ትልልቁን ዝላይ አርፈው የሚቀበሉት በዚህች ስስ ጫማ ነው፤ ከጣቶቹ ሥር ሦስት ሚሊሜትር ስፖንጅ ቢገባ ቅር የሚለው ያለ አይመስለኝም።

ደረጃ 7፦ ሪባኑና የአኪለስ ጅማት

ሪባን ጌጥ ይመስላል። ነገር ግን ከተረከዝ በላይ ያለውን የአኪለስ ጅማት በቀጥታ ይጫናል። ዳንሰኛዋ ጉልበቷን ባጠፈች ቁጥር ጅማቱ ይወጠራል፤ ሪባኑ ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ሪባኑ ከጅማቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ላስቲክ አስገቡ። ቋጠሮው ጅማቱ ላይ አይረፍ፤ በውስጥ በኩል፣ በቁርጭምጭሚቱ አጥንትና በጅማቱ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይደበቅ። የአፉ ማጥበቂያ ገመድም ላስቲክ ይሁን፣ ጠርዙም ኋላ ላይ ዝቅ ይበል። የሪባኑን ቦታ እናንተው ምልክት አድርጉ። ከቦታው ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተሰፋ ተረከዙ ይወልቃል።

ደረጃ 8፦ ቀለም

ጫማው ከእግር ቀለም ጋር ተመሳስሎ የእግርን መስመር እንዲያስቀጥል ይፈለጋል። ጫማው ግን ለረጅም ጊዜ ሮዝ ብቻ ነበር። ጥቁር ዳንሰኞች የፊት ሜካፕ በስፖንጅ እየቀቡ ሲያጠቁሩት ኖረዋል። ጊዜው፣ ወጪው፣ በዚያ ላይ ጨርቁ ይረጥባል። የኒው ዮርኩ የሃርለም ዳንስ ቴአትር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዳንሰኞቹ የየራሳቸውን የቆዳ ቀለም እንዲለብሱ አድርጓል። ፍሪድ ከለንደኑ የዳንስ ቡድን ባሌት ብላክ ጋር ሆኖ ቡናማና ነሐስማ የፖይንት ጫማ ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ልጇን ባሌት የምታስተምር አበሻ እናት ይህን ጉዳይ አሳምራ ታውቀዋለች። ከመጀመሪያው ናሙና ጀምራችሁ ብዙ ዓይነት ቡናማ አስቡ።

ደረጃ 9፦ በሰው እግር ላይ ሞክሩ፣ በሥርዓት

ልጅ ላይ አትሞክሩ። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ከ12 ዓመት በፊት ፖይንት እንዳይጀመር ይመክራል፤ የእግር አጥንት ገና እያደገ ነውና። ዕድሜው ብቻም አይበቃም፤ የዓመታት ሥልጠና፣ የቁርጭምጭሚት ጉልበትና ሚዛን ያስፈልጋል። ሞካሪያችሁ አዋቂ፣ ልምድ ያላት፣ በወቅቱ ጉዳት የሌለባት ዳንሰኛ ትሁን። አስተማሪዋም ፊዚዮቴራፒስትም ይወቁ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ክንፉንም ሻንኩንም ባንዴ ከቀየራችሁ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም። መጀመሪያ የተለመደ ጫማዋን ሻንክ ብቻ አውጥታችሁ የእናንተን አስገቡ፤ ሙሉ ጫማ ከመሥራት ይህ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ይሁን፦ ባር ይዛ በሁለት እግር፣ ከዚያ ባር ይዛ በአንድ እግር፣ ከዚያ መሐል ላይ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ዝላይና ሽክርክሪት መጨረሻ። የመጀመሪያው ቀን ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። በየደረጃው አንድ ቀን ይለፍ፣ ሕመም ካለ በማግሥቱ ይታወቃልና።

ጥያቄያችሁ "ይመቻል?" አይሁን። ዳንሰኛ ሕመም መቻል የለመደች ናት፤ ትንሽ ከተሻላት ይመቻል ትላችኋለች። የእግር ሥዕል የታተመበት ወረቀት ስጧትና ያመማትን ቦታ ታቅልም፣ ከዜሮ እስከ አሥርም ቁጥር ትስጥ። ጫማውን እንዳወለቀች የእግሯን ፎቶ አንሱ። የቀላው ቦታ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ የጫማው ግፊት በዝቷል። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ወይም አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የሚሰማ ሕመም ካለ ሙከራው ወዲያው ይቁም፤ ሐኪም ይያት።

ድምፁንም አዳምጡ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ትሩጥበት። የሚንኳኳ ጫማ ከሆነ ወስዳ ከግድግዳ ጋር ታጋጨዋለች፤ የለፋችሁበት ቦክስም አብሮ ይሰባበራል።

ደረጃ 10፦ ከጫማው ጋር የሚሄድ ወረቀት

የሶሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ መልበስ የተጀመረበት ቀንና ሰዓት የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አትሙ። ወረቀቱ ላይ ጫማው መቼ መጣል እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ፦ አፍንጫው ላይ ስትቆሚ ጣቶችሽ ወለሉን ከነኩ፣ ክንፉ በሁለት ጣት ሲጨበጥ ከተጨማደደ፣ ሻንኩ ታጥፎ ካልተመለሰ፣ ወይም ሳታስቢው ወደ ፊት የሚያሳልፍሽ ከሆነ። የተለመደው ሙጫ በላብ ስለሚለሰልስ ሁለት ጥንድ በየተራ ይለበስ፤ አንዱ ቢያንስ ሙሉ ቀን ይረፍ። ከልምምድ በኋላ መደላደሉ ይውጣ፣ ክንፎቹ ወደ ቅርጻቸው ይመለሱ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ ላይ አይደረግ፤ ከነርጥበቱም ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አይታሸግ።